ሪሜምበር፣ ሪማይንድና የሐሙስ ውሃ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነውን ሰዎች አስቀድሜ ልናገር። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ሐይቅ ከተማ አስፋልቱ ዳር ትንሽ ሱቅ፣ በአርዲቦ መንገድ ደግሞ የሽንኩርት ማሳ አለኝ፤ ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን በራሴ ያነበብኩ ሰው ነኝ። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ ስለ ራሷ መናገር አትወድም፣ ስለ እኔ ግን ትችላለች። ሦስተኛዋ ዘጠነኛ ክፍል የምትማር ልጄ። አራተኛው የማሳ ጎረቤቴ፤ እሱ ክርስቲያን፣ እኔ እስላም፣ በአንድ ቦይ የምናጠጣ፣ በበዓልም በለቅሶም ተለያይተን የማናውቅ። አምስተኛው የልጄ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። የመስኖ ተራ የሚያስከብሩት የውሃ አባትም አሉ፤ እሳቸው ግን የገቡበት እኔ ስላስገባኋቸው ብቻ ነው።

ነገሩ የጀመረው ልጄ ደብተሯን ይዛ ሱቅ ስትመጣ ነው።

«አባዬ፣ የሪሜምበርና የሪማይንድ ልዩነት ምንድን ነው?»

መዝገበ ቃላት አለኝ። ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ ገጾች የሉም፤ ከቢ ፊደል ጀምሮ ግን ደህና ነው። ገልጬ አየሁ። አንዱም ማስታወስ ይላል፣ ሌላውም ማስታወስ ይላል።

«ልዩነት የላቸውም» አልኳት። «እንግሊዞች ቃል ስለማይቸግራቸው ነው።»

«መምህሩ ግን ይለያያሉ ብሏል።»

«እንዴት ነው የሚለያዩት አለ?»

«እሱን ረሳሁት።»

«እንግዲህ ይዘሽ ያልመጣሽውን ነው የምትከራከሪኝ» አልኩና ወደ ሚዛኔ ተመለስኩ። እሷም የእኔን መልስ ይዛ ለፈተና ገባች።

በዚያው ሰሞን ጎረቤቴ ለጥር ማርያም ወደ ግሸን ሊሄድ ተነሳ። ሽንኩርቱን ከችግኝ መደብ ወደ ማሳ ያዛወረው ገና በቅርቡ ነበር። ዱላውንና ስንቁን ይዞ በሱቁ በኩል መጣ።

«ስማ እንጂ ወዳጄ፣ የሐሙስ ተራዬን አደራ። ከዙህር አዛን በኋላ ነው። ችግኙ ሥር አልያዘም፤ ይህቺ ውሃ ካለፈችው አበቃለት።»

«ለኔ ነው ይህን የምትነግረኝ? ሂድ፣ በሰላም ያግባህ።»

ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ አለች። «እዛ ስትደርስ እኛንም አስበን እንግዲህ።»

«እንዴት ይረሳል፣ እቴ!» ብሎ አውቶቡሱን ሊይዝ ሄደ።

ልጄ ሁሉንም ሰምታ ነበር። «አባዬ፣ ስልክህ ላይ ልሙላልህ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይጮሃል» አለችኝ። እኔ ደግሞ አደራ ማለት ምን እንደሆነ፣ አባቶቻችን ያለ ስልክ እንዴት ቃላቸውን እንደጠበቁ፣ ልቡን ለዕቃ ያስረከበ ትውልድ የት እንደሚደርስ አስተማርኳት። ረዘም ያለ ትምህርት ነበር። አሁንም የተናገርኩት ትክክል ይመስለኛል። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ማታውኑ ለባለቤቴ «ሐሙስ አስታውሺኝ» አልኳትና ነገሩን ከራሴ አወረድኩት። ባለቤቴም ለልጄ «ሐሙስ አባትሽን አስታውሺው» አለቻት። ልጄ ደግሞ ያን ሁሉ ትምህርት የሰማች ልጅ ናት፤ እንዲህ ያለ አባት አይረሳም ብላ ተወችው።

ሐሙስ ምሳ ላይ ሦስታችንም ዓሣ ከበን ተቀምጠናል። ልጄ ከትምህርት ቤት ይዛው የመጣችውን የፈተና ወረቀት አወጣች። በሪሜምበርና በሪማይንድ ላይ ቀይ ኤክስ አለ፤ አንድ ማርክ ተቆርጧል።

«የኔን መልስ ነው የጻፍሽው?»

«ያንተኑ ነው።»

ማርኩ የሷ፣ ውርደቱ የኔ ሆነ። ዙህር ሰገድኩ፤ ሐሳቤ ሶላቱ ላይ አልነበረም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ከዚያ ባጃጅ ይዤ፣ ወደ ማሳው የሚያስገባውን መንገድ ዓይኔ እያየው አልፌ፣ ሐይቁ ዳር ካለው ሻይ ቤት ደረስኩ። መምህሩ ከሰዓት ክፍል በሌለው ቀን እዚያ ነው የሚያርመው።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ። ሻይ ይምጣልዎት?»

«ሻዩ ይቆይ። ይህችን ማርክ ለምን ቆረጥካት?»

ወረቀቱን አየና ፈገግ አለ። ወጣት ነው፤ ግን አይቸኩልም። «ሪሜምበር እርስዎ በገዛ ልብዎ የሚያደርጉት ነው፤ ማንም አይሠራልዎትም። ሪማይንድ ሌላው ለእርስዎ የሚያደርገው ነው። ሰው ይሁን ዕቃ፣ ይቀሰቅስዎታል።»

«በአማርኛ ሁለቱም ማስታወስ አይደለም እንዴ?»

«በአማርኛም እኮ አስታወስኩ እና አስታወሰኝ አንድ አይደሉም። ሥራው የማን ነው? ጥያቄው እሱ ነው።»

«ምሳሌ ስጠኝ።»

አስተናጋጇ ሁለት ሻይና አንድ ብርጭቆ ውሃ አስቀመጠች። መምህሩ ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ይኸው። ይህን ውሃ አይተው አንድ የረሱት ነገር ትዝ ቢልዎት፣ ውሃው ሪማይንድ አደረገዎት፣ እርስዎ ደግሞ ሪሜምበር…»

እኔ ተነስቻለሁ።

«ጋሼ! ሻዩስ?»

ማሳው ስደርስ በጎረቤቴ በኩል ያለው ቦይ ደርቋል፤ ውሃው ከታች በሌላ ሰው ጎመን ውስጥ ይንቦጫረቃል። የውሃ አባት አካፋቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ባለተራው ሲጠራ ጠፋ» አሉኝ።

«አደራ ነበር አባባ፣ እኔ ነኝ የዘገየሁት። ትንሽ እንኳ ይመለስልኝ።»

«አደራው ያንተ ነው፣ ውሃው የሁሉም ነው። ያለፈ ተራ ወደ መጨረሻ ይሄዳል፤ መቀጮም አለው። ይህን ሕግ ስናወጣ አንተው አይደለህ እንዴ ጠበቅ ይበል ያልከው?»

እኔው ነኝ። በስብሰባው ላይ ስለ ሕግ መከበር ሰፊ ንግግር አድርጌ ነበር።

ችግኙ አንገቱን ደፍቷል፤ አንዳንዱ መሬት ላይ ተኝቷል። ቤት ደወልኩ። ባለቤቴና ልጄ የመንደሩን ጀሪካን ሁሉ ለቃቅመው በባጃጅ መጡ። ባጃጁ ከሐይቁ ውሃ እየተመላለሰ ሲያመጣ፣ እኛ ጎንበስ ብለን በጣሳ ሥር ሥሩን ስናጠጣ አመሸን።

«አስታውሺኝ ብለኸኝ ነበር» አለች ባለቤቴ ቀና ሳትል፤ «እኔም ለሷ ነግሬ ነበር።»

«እኔ ደግሞ አባዬ ስልክ እንኳ አያስፈልገኝም ሲል…»

«አጠጪ!» አልኳት።

ትንሽ አጠጣችና አላስቻላትም። «ገባኝ አባዬ። ሪማይንድ አድራጊ ሞልቶ፣ ሪሜምበር የሚያደርግ ነው የጠፋው።»

«ምን አለች?» አለች እናቷ።

«አባዬ ረሳ ማለት ነው።»

«ይህንን ለማለት እንግሊዝኛ ምን አስፈለገ?»

ጎንበስ ብዬ አሰብኩ። ሰውን አስታውሰኝ ማለት ነውር የለውም፤ ሁላችንም ደካሞች ነን። ነውሩ አስታውሰኝ ካልን በኋላ ሸክሙን ያወረድን ሲመስለን ነው። ማሳሰቡን ለሚስትም፣ ለልጅም፣ ለስልክም መስጠት ይቻላል። ማስታወሱ ግን ከተቀበለው ሰው ትከሻ አይወርድም። አደራ ያለው እኔን ነው።

ጎረቤቴ ከግሸን በተመለሰ ዕለት ባለቤቴ «ፀሐዩ በርትቶ ነበር በለው» አለችኝ። ፀሐዩ እውነትም በርትቶ ነበር። ግን ልጄ ቆማ ታየኝ ነበር፤ ባትኖርም ኖሮ ውሸቱ ውሸት ነው። አቧራውን ሳያራግፍ ነገርኩት።

«ተራህን አሳልፌዋለሁ።»

ፊቱ ጠቆረ። አብረን ማሳው ድረስ ሄድን። ቁጭ ብሎ ችግኙን በጣቱ ነካካው፤ ብዙው ቀና ብሏል፣ ዳር ዳሩ ግን ገለባ ሆኗል።

«ምን አዘናጋህ?» አለኝ በመጨረሻ።

«እንግሊዝኛ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ታሪኩን ከነብርጭቆው ነገርኩት። ዱላው ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን እየጠረገ «አይ አንተ!» አለ። «እኔ ያንን ዳገት ወጥቼ፣ አንተንም ሚስትህንም ልጅህንም በየስማችሁ ጠርቼ ለምኛለሁ። ማን ቀስቅሶኝ? ማንም።»

«ሪሜምበር» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ምን አልክ?»

«ምንም።»

በሚቀጥለው ሐሙስ አዛን ሳይል ቦዩ ላይ ቆሜ ነበር። ስልኬም ኪሴ ውስጥ ጮኸ፤ ልጄ እንድትሞላው ፈቅጄ ነበር። እኔ ግን ቀድሜው ደርሻለሁ።

የሞተውን ለመተካት የተገዛው ችግኝ አንድ ሺህ አራት መቶ ብር ወጣበት። ሁሉንም ልክፈል ብል ጎረቤቴ ተቆጣ፤ ግማሹን እሱ፣ ግማሹን እኔ ከፈልን። መቀጮው ሁለት መቶ፣ እሱ የኔ ነው። ባጃጁ አምስት መቶ፣ ባለቤቴ ከእንቁላል ካጠራቀመችው። ጥዬው የሮጥኩት ሻይና የመምህሩ ሻይ አርባ ብር፣ የከፈለው እሱ ነው። ማርኩ ደግሞ አልተመለሰም፤ እንዲመለስም አልጠየቅኩም። በድምሩ ሁላችንንም ያስወጣን ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ብርና የልጄ አንድ ማርክ ነው።