ከሦስተኛው ስም በላይ

ሟች ባለቤቴ የአትላንታ ነጭ ነበረች። ልጃችን በቀደም የእናቷን ዘር ወደ ኋላ ስትቆጥር አንድ እንግሊዛዊ ጋ ደረሰች። አገሩ ገና ቅኝ ግዛት ሳለ በመርከብ መጥቶ በሰው መሬት ላይ ጎጆ የቀለሰ ሰውዬ ነው፤ ፊርማው ሳይቀር ተገኝቶለታል። ፕሪንት አድርጋ አትላንታ አጠገብ ዲኬተር ያለው ሱቄ ድረስ ይዛው መጣች።

«አባዬ፣ አሁን ደግሞ ያንተን! ሰባት ቤት ትቆጥራላችሁ አይደል?»

ሦስት ስም አስጻፍኳትና አለቀብኝ። አባቴ ወሎ እያለን ልጆቹን ሰብስቦ ሲያስቆጥር እኔ ገበያ ነበርኩ። ስም ምን ትርፍ አለው ብዬ።

ከዘመድ የቀሩን የአባቴ ወንድም ብቻ ስለሆኑ ደሴ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ የአያትዎ አባት ማን ይባሉ ነበር?»

«አንተስ የማን ልጅ ነህ?»

የአባቴን ስም ነገርኳቸው።

«እሱማ ልጅ የለውም። አንድ ቀርቶት ነበር፣ አሜሪካ ገብቶ ጠፋ» አሉና ስልኩን ዘጉት።

«ምን አሉ?» አለች ልጄ።

አራት ስም ፈጥሬ ብሰጣት አትጠረጥርም፤ በዕድሜዬ ከዚያ የባሰ ዕቃ ሸጫለሁ። ግን ይህን ለልጆቿ ልታወርሰው ነው።

«አያውቁም» አልኳት።

ከሦስቱ ስሞች በላይ ያለውን ቦታ ባዶ ትታ ወረቀቱን አጠፈችው።