በመንግሥት ባኬት ላይ የበሳኋቸው አራት ቀዳዳዎች

አራቱን ቀዳዳዎች የበሳኋቸው እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልፈቀደልኝም። በስብሰባው ላይም የተናገርኩት ይህንኑ ነው፤ ዛሬም ከዚህ የተለየ ቃል የለኝም። ልጆቼ ነገሩን ከእናታቸው አፍ በቁርጥራጭ ስለሰሙት፣ የሚያኮራውንም የሚያሳፍረውንም ሳላስቀር በራሴ እጅ ልጽፈው ወሰንኩ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሥራ ክፍል ጋራዥ የትራክተር ሾፌር ነበርኩ። ትራክተሩ ከፊቱ ሁለት የብረት ክንዶች ነበሩት፤ በክንዶቹ ጫፍ ላይ ወርዱ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ማፈሻ ተገጥሞበታል። ባኬት እንለዋለን። የባኬቱ ከንፈር ልሙጥ ነበር፣ እንደ ጠረጴዛ ጠርዝ ቀጥ ያለ። አሸዋና ጠጠር ለማፈስ፣ ሜዳ ለመደልደል ከዚህ የተሻለ የለም። የደረቀ መሬት ቆፍር ሲሉት ግን ይንሸራተታል።

ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ማሽን የተማርኩት ፈትቼ በመግጠም ነው። እንግሊዝኛውን ያገኘሁት ደግሞ ከትራክተሩ መመሪያ መጽሐፍ ነው፤ አሮጌ መዝገበ ቃላት ገዝቼ፣ አንዱን ገጽ በሳምንት እያነበብኩ። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም። የሚያስተምረኝ አጣሁ ብሎ ቁጭ የሚል ሰው ስለማልወድ ነው።

እኛ ሠራተኞች የምንኖረው ወደ ቡሹሎ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ለሐይቁ ቀረብ ባለ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነበር። አንድ ዓመት ከላይ በኩል የወረደው ጎርፍ መንገዱን ተሻግሮ በየቤታችን ገብቷል። እኛ ቤት የአልጋውን እግር ግማሽ ደርሶ ነበር። ባለቤቴ ትንሿን ልጃችንን አቅፋ ጠረጴዛ ላይ ቆማ ዋለች። በሚቀጥለው ዓመት በልጉ ስለዘገየ፣ ውሃውን ከሰፈሩ አሳልፎ ሐይቅ የሚያስገባ ቦይ እንድቆፍር ታዘዝኩ። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ማለቅ ነበረበት።

መሬቱ እምቢ አለ። ላዩ በፀሐይ የደረቀ ነጭ ጭንጫ ነው። ባኬቱን ስገፋው ከንፈሩ እየፋቀው ያልፋል፤ ጫን ስለው የትራክተሩ የፊት ጎማዎች ከመሬት ይነሣሉ፣ የኋላዎቹ ባሉበት እየተሽከረከሩ ይጨሳሉ። በሦስት ቀን የቆፈርኩትን አንድ ሰው በዶማ በአንድ ቀን ይቆፍረው ነበር። የጋራዣችን ግቢ ዘበኛ፣ እዚያው ቡሹሎ በኩል ተወልደው ያደጉ ሽማግሌ፣ ተደግፈውት የነበረውን ዱላ መሬቱ ላይ መታ መታ አደረጉ።

«ይቺ ቆዳዋ ናት» አሉኝ። «ቆዳዋን ግፈፍ። ሥጋዋ ለስላሳ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ከአንድ ክንድ ጥልቀት በታች ያለው አሸዋ በእጅ ይዛቃል። ችግሩ መግፈፉ ላይ ነው። በመመሪያው መጽሐፍ የመጨረሻ ገጾች ላይ ግን አንድ ሥዕል ነበር፤ ከባኬቱ ከንፈር ፊት የሚታሰር፣ ጥርሶች የተደረደሩበት ወፍራም ብረት። ጥርስ ያለው ነገር ኃይሉን በጥቂት ቦታ ላይ ያሳርፋል። ልሙጡ ከንፈር መሬቱን ሁሉ ባንዴ ልግፋ ይላል፤ ጥርሱ ግን መጀመሪያ ይነክሳል።

በደንቡ መሠረት ማመልከቻ ጻፍኩ። የጋራዡ ኃላፊ፣ በዕድሜም በሙያም የሚበልጡኝ ጨዋ ሰው፣ ፈርመው ወደ ዋናው ቢሮ ላኩልኝ። ጉዳዩ እየተጠና ነው ተባለ። ስጠይቅ እየተጠና ነው፣ ደግሜ ስጠይቅ አሁንም እየተጠና ነው። ደመናው ግን ጥናቱን አይጠብቅም ነበር።

ስለዚህ መናኸሪያ አካባቢ አውቶቡስ የሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ ሄጄ የተሰበረ ባሌስትራ ለመንኩ። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ያ ድርብርብ ብረት ሲሰበር ለማንም አይጠቅምም፤ ውሰድልን አሉኝ። አምስት ጥርስ ቆረጥኩበት። ከወዳደቀ ግሬደር ምላጭ ደግሞ ጥርሶቹን የሚይዘውን ረጅም ብረት አገኘሁ። መጀመሪያ ጥርሶቹን በየድኳቸው፤ ይህ የኔ አላዋቂነት ነው። ባሌስትራ ብየዳ ሲነካው ይደርቃል፤ ሁለቱ በመዶሻ መትቼ ስሞክራቸው እንደ ሸክላ ተሰበሩ። ከዚያ ሌላ ቆርጬ ሁሉንም በቡሎን አሰርኳቸው። ረጅሙን ብረት ከባኬቱ ጋር ለማያያዝ በባኬቱ ጉንጮች ላይ በቀኝ ሁለት፣ በግራ ሁለት ቀዳዳ መብሳት ነበረብኝ። የመብራት መሰርሰሪያችን ተቃጥሎ ስለነበር በእጅ በሚዞረው ነው የበሳሁት። ቅዳሜ ከሰዓት ሙሉ ፈጀብኝ፤ መዳፌ ተላጠ።

ሰኞ ጠዋት ባኬቱን ዝቅ አድርጌ ገፋሁ። ጥርሶቹ ገቡ። ጭንጫው እንደ ደረቅ ቂጣ እየተሰነጠቀ ተነሣ፣ ከሥሩ ያለው አሸዋ ተከትሎ ባኬቱን ሞላው። ዘበኛው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፣ ግን የዚያን ዕለት ጠዋት ያህል ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው። በአንድ ሳምንት ቦዩ ከግማሽ አለፈ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ሜይ ዴይ እየቀረበ ነበር። የውይይት ክበባችን ሊቀመንበር፣ ካድሬ የሆነ ወጣት፣ በላንድሮቨር መጥቶ ቦዩን ተውና የሰልፉን ሜዳ ደልድል አለኝ። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ እሱ አንተ ይለኛል፣ እኔ እርስዎ እለዋለሁ። ዝናቡ እየመጣ ነው፣ ሦስት ቀን ብቻ ይስጡኝ ብዬ ለመንኩት። ሜዳው ይቀድማል አለ። ቤቶቹስ ስለው፣ ዓለም አቀፍ የሠራተኛውን በዓል ከአልጋህ ጋር ታወዳድራለህ ወይ ብሎ አፌን አስዘጋኝ።

ሄድኩ። ጥርሱን ግን አልፈታሁትም። አራቱን ቡሎን ለመፍታት አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ የመጨረስ ያህል ጊዜ እንኳ አይፈጅም። መፍቻውም ከመቀመጫዬ ሥር ነበር። ሜዳ የሚደለደለው በልሙጥ ከንፈር እንደሆነ ከኔ የተሻለ የሚያውቅ በግቢው ውስጥ አልነበረም። እልህ ይዞኝ እያየሁ አረስኩት። ሣሩ ተገሸለጠ፣ ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ትልም በትልም ሆነ። በበዓሉ ዋዜማ ካፊያ ጣለ፤ ትልሙ ውሃ ያዘ። በማግሥቱ ሰልፈኛው እየተንሸራተተ፣ መፈክር የያዙት እየተደገፉ አለፉ። የሊቀመንበሩ አንድ ጫማ ጭቃ ውስጥ ቀረና በካልሲው መድረኩ ላይ ወጣ። ያን ጊዜ ደስ ብሎኛል። ልጆቼ ስለሚያነቡት አልደብቀውም፣ በጣም ደስ ብሎኛል።

ከዚያ የጋራዣችን የጽዳት ሠራተኛ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት፣ ትልሙ አደናቅፏቸው ወደቁ። የቀኝ እጃቸው አንጓ ወለም አለ። ከዚያ በኋላ ሳምንታት በግራ እጃቸው ሲጠርጉ አይቻለሁ። ንዴቴን ያወጣሁት በካድሬው ላይ መስሎኝ ነበር፤ ያረፈው ግን እሳቸው ላይ ነው። ተናዶ የሚሠራ ሰው ማንን እንደሚመታ አያውቅም። ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት።

ሳምንት ሳይሞላ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። ክሱ ሁለት ነው፤ ሜዳውን ማበላሸትና ያለ ፈቃድ የመንግሥት ንብረት መብሳት። ሁለተኛው አሻጥር ይባላል ተብሏል፤ በዚያ ዘመን ይህ ቃል ሰው ያስበላል። ጥርሱ ተፈትቶ ቁርጥራጭ ብረት መጣያው ጋ ተወርውሯል፤ የትራክተሩን ቁልፍም ተቀብለውኛል። ከመግባቴ በፊት የጋራዡ ኃላፊ ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«ሁለቱንም አጠፋሁ በል» አሉኝ። «አንገትህን ደፋ አድርግና ቁልፍህን ተቀበል። ቦዩ አንተን እየጠበቀ ነው።»

ተራዬ ሲደርስ ቆምኩ። ሜዳውን ያበላሸሁት ሳላውቅ ሳይሆን ሆን ብዬ ነው አልኩ። ጥርሱን መፍታት ነበረብኝ፣ በእልህ ተውኩት፤ የመጣውን ቅጣት እቀበላለሁ። ይቅርታ የምጠይቀው ግን መድረኩን ሳይሆን እሳቸውን ነው ብዬ ወደ ጽዳት ሠራተኛዋ ዞሬ እጅ ነሣሁ። ስለ ቀዳዳዎቹ ግን የማቀርበው ግለ ሂስ የለኝም ብዬ ተቀመጥኩ።

«ጓድ» አለ ሊቀመንበሩ፣ «ግለ ሂስ ተከፋፍሎ አይደረግም።»

«እኔ ያጠፋሁት ከፋፍዬ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ግማሹ ጥፋት ነው፣ ግማሹ ሥራ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሊቀመንበሩ ከወረቀቱ ላይ ቀና ሳይል፣ ግለ ሂሴን ጽፌ እስካመጣ ድረስ ጋራዡ ውስጥ መኪኖች ከሥር ግሪስ በሚቀቡበት ጉድጓድ እንድሠራ ወሰነ።

ለትራክተሩ ሌላ ሾፌር ተመደበ፤ መልካም ሰው ነው፣ ግን የተፈቀደለት ልሙጡ ባኬት ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ጉድጓዱ አፋፍ ላይ መጥቶ ቁጢጥ አለ።

«ወንድሜ፣ እኔ እየጋለብኩ ነው እንጂ እየቆፈርኩ አይደለም» አለኝ።

በሐይቁ ላይ ያለው ደመና በየቀኑ ወደኛ ይጠጋ ነበር። ኃላፊው በድጋሚ መጡና፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ጥርሱን በጓሮ በኩል ግጠመው፣ እኔ አላየሁም አሉኝ። ከልባቸው ነው፣ ለራሳቸውም ፈርተው ነው። እኔ ግን እምቢ አልኩ። በጓሮ ከገጠምኩት ጥፋት ነው ብዬ ማመኔ ነው። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት የምታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር። እሷ የልጆቹን ልብስ እያጣጠፈች ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ትደረድር ነበር፤ ውሃውን እየጠበቀች።

«አንተ ሰውዬ» አለች፣ ዞርም ሳትል፣ «ያንተ እውነት የኔን አልጋ አያደርቅልኝም።»

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ትክክል መሆኔን ይዤ ቁጭ ብያለሁ፤ ጎርፉ ቢመጣ ግን የሚያገኘው እኔን ብቻ አይደለም፣ ጎረቤቶቼንም ነው። ኩራቴና ሐቄ የት ላይ እንደሚለያዩ ያን ቀን ደህና አድርጌ ማየት አልቻልኩም። አንድ ነገር ግን አወቅሁ፤ መደበቅም መቀመጥም አልነበረብኝም።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ ምሳ ለመብላት በየጥላው በተቀመጠበት ሰዓት፣ ከጉድጓዱ ወጣሁ። ጥርሱን ከቁርጥራጩ መሀል ጎትቼ አወጣሁት። ብቻዬን አልችለውም ነበር። ዘበኛው ዱላቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው፣ ሳልጠይቃቸው አንዱን ጫፍ አነሡ። በዋናው በር ወጥተን፣ በዋናው መንገድ ሄደን፣ ሰው እያየን ቦዩ ጋ ደረስን። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ሦስቱን ቡሎን አጥብቄ አራተኛው ላይ ስደርስ ላንድሮቨሩ መጣ።

ሊቀመንበሩ ወርዶ ባኬቱን፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

«ማን ፈቀደልህ?»

«ማንም አልፈቀደልኝም» አልኩት። አራተኛውን አጥብቄ ጨረስኩና መፍቻውን በእጁ አስያዝኩት። «ይፈታ ካሉ መፍቻው ይኸው። እኔ ግን በገዛ እጄ አልፈታውም።»

መፍቻውን ይዞ ቆመ። የሰፈራችን ሴቶች ልጆቻቸውን እንዳዘሉ ከየቤታቸው ወጥተው ነበር፤ ባለቤቴም አለች። እሱ ያልተቆፈረውን መሬት አየ፣ ቤቶቹን አየ፣ ሐይቁ ላይ ያለውን ሰማይ አየ። ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ይታሰር ነበር፤ ቢያሳስረኝ የሚከለክለው አልነበረም። ለምን እንዳላደረገው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በጎ ነገር ሠራ ማለት ስለማይከብደኝ ግን ይኸው ጽፌዋለሁ። መፍቻውን የትራክተሩ ጎማ ላይ አስቀምጦ፣ መኪናው ውስጥ ገባና ሄደ።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። እኔ ወደ ግሪሴ ተመለስኩ።

ቦዩ ባለቀ በሦስተኛው ቀን ዝናቡ መጣ። ውሃው ከላይ እየደነፋ ወርዶ መንገዱ ጋ ሲደርስ ወደ ቦዩ ታጠፈ፣ በደጃችን በኩል አልፎ ሐይቅ ገባ። ባለቤቴ ደረቅ ደጃፏ ላይ ቆማ እስኪያልፍ ተመለከተችው። ከዚያ ልብሶቹን ከመደርደሪያው አወረደች። ምስጋና አልሰማሁም፣ አልጠበቅሁምም።

ግለ ሂሱን በየወሩ ይጠይቁኝ ነበር። በየወሩ ስለ ሜዳው ያመንኩትን ጽፌ፣ ስለ ቀዳዳዎቹ ያለውን ቦታ ባዶ እተወው ነበር። ሁለት ክረምት ጉድጓድ ውስጥ አሳለፍኩ። ጀርባዬ ዛሬም የሚያመኝ ከዚያ ነው። ቤተሰቤም ተጎድቷል፤ ልጆቼ ከዚህ ሁሉ የሚማሩት ነገር ካለ፣ ያላጠፉትን አጠፋሁ የማይል ሰው ዋጋውን ለብቻው እንደማይከፍል ነው። ዛሬ ቢሆንም ግን ያን ቦታ ባዶ እተወዋለሁ።

ያ ሾፌር ወደ ሌላ ክፍለ አገር ሲዛወር ኃላፊው ስለ ወረቀቱ ምንም ሳያነሡ ቁልፉን ከድሮ ሚስማሬ ላይ ሰቀሉልኝ። ቀዳዳዎቹ እንዳሉ ነበሩ፣ ጥርሱም እንዳለ ነበር። ለቁፋሮ እገጥመው ነበር። ሜዳ ልደለድል የምወጣ ቀን ግን የጽዳት ሠራተኛዋ በሩ ጋ መጥረጊያቸውን አቁመው ይጠብቁኝ ነበር፤ ጎንበስ ብለው የባኬቱን ከንፈር ሳያዩ አያሳልፉኝም ነበር።

«ፈታኸው?» ይሉኝ ነበር።

«ፈትቼዋለሁ፣ እማማ» እላቸው ነበር።

ስለዚያ ብረት የመጠየቅ መብት የነበራቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ።