ጠመኔውን ከእጄ የተቀበሉት ወይዘሪት ጽጌ

ወንድሞችና እህቶች፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ዐሥር ደቂቃ ሰጥተውኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማረች ሴት በዐሥር ደቂቃ የተማሪዎቿን ስም ጠርታ እንኳ አትጨርስም፣ ስለዚህ ብረዝም ታገሡኝ። ይህን ነገር ልናገር ስንት ጊዜ ከወንበሬ ብድግ ብዬ ተመልሼ ተቀምጫለሁ። ዛሬ ግን ጌታ ያደረገልኝን በፊታችሁ ሳልናገር ወደ ቤቴ አልገባም ብዬ ነው የመጣሁት። ስሙ ይባረክ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውቃችሁ። ከሥጋ ደዌ ተፈወስኩ ልላችሁ አይደለም። የታመመው አባቴ ነው፣ እኔ አልታመምኩም። እኔ የተፈወስኩት ከመደበቅ ነው። ይህም ቀላል በሽታ እንዳይመስላችሁ።

ያደግሁት ዘነበወርቅ፣ የሥጋ ደዌ ሐኪም ቤቱ ሰፈር ነው። አባዬ ከጎጃም ለሕክምና መጥቶ እዚያው ቀረ። እናቴ እኔ ዳዴ ስል ነው የሞተችው፣ ስለዚህ እናትም አባትም እሱ ነበር። የጣቶቹ ጫፎች አልቀዋል፣ ግን በእነዚያ እጆች ከቤታችን ጀርባ ጎመን ያበቅል ነበር፣ ጸጉሬንም ይጎነጉንልኝ ነበር፤ ጉንጉኑ ወዲያና ወዲህ ቢልም። አባዬ ለሰው ዕቃ በእጁ አይሰጥም። ጎመን ሊገዛ የመጣ ሰው ካለ እስሩን መሬት ላይ ያስቀምጥና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፣ ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ያነሣል። እንዲህ አድርግ ያለው የለም። ሰው ከእጄ ከሚሸሽ እኔ ልቅደም ብሎ ነው። እኔም ልጅ ነኝና፣ የዓለም ሥርዓት እንዲህ ይመስለኝ ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አባዬ ቅርብ ያለውን ትምህርት ቤት ትቶ ኮልፌ አስገባኝ፣ ማንም የማያውቀኝ ቦታ እንድማር ብሎ። «ከየት ነው የምትመጪው ካሉሽ፣ ከጦር ኃይሎች በላይ ነው በይ» አለኝ። በየቀኑ ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ባንዲራ ሲሰቀል እደርሳለሁ። ሦስት ዓመት ማንም አላወቀብኝም።

በሦስተኛ ክፍል መጨረሻ፣ ሰኔ ላይ፣ ከባድ ዝናብ ጣለ። አባዬ ወንዙ ሞልቶ ይወስዳታል ብሎ ፈርቶ፣ ጃንጥላ ይዞ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ መጣ። እኔን ሁልጊዜ በእጁ ነበር የሚሰጠኝ። ያን ቀን ግን ልጆች ከበውኝ ስላየ፣ እንደ ልማዱ ጃንጥላውን ጭቃው ላይ አስቀምጦ ወደ ኋላ አለ። ልጆቹ እጆቹን አዩ። «ማን ነው?» አሉኝ።

«የሰፈር ሰው ነው» አልኩ።

ሰማኝ፣ ወገኖቼ። ዝናቡ በላዩ እየወረደ ሰማኝ። ጃንጥላውን አንሥቼ ሮጥኩ፣ እሱም ከኋላዬ ርቆ እየተከተለ ቤት ገባን። እራቴን አቅርቦ «ብዪ» አለኝ። ከአለንጋ ይልቅ የገረፈኝ ያ ቃል ነው።

መካዴም አልጠቀመኝም። መስከረም ላይ አራተኛ ክፍል ስንገባ ሁሉም አውቋል። «የቆማጣ ልጅ» ተባልኩ። ሦስት ሰው በሚቀመጥበት ዴስክ ብቻዬን ተቀመጥኩ። እጆቼን ከዴስኩ በታች ደብቄ መዋል ጀመርኩ፣ የማውቀውን ሲጠይቁኝም አልመልስም።

በዚያ ዓመት ነው ወይዘሪት ጽጌ የመጡልን። ገና ከመምህራን ማሠልጠኛ የወጡ፣ ቀጭን፣ ኮልፌ አንዲት ክፍል የተከራዩ ልጅ እግር አስተማሪ ነበሩ። ወንጌል አማኝ መሆናቸው በሹክሹክታ ይወራል፣ ያን ጊዜ ይህ ነገር ጮክ ተብሎ አይነገርም።

ወይዘሪት ጽጌ በመጀመሪያው ሳምንት ተሳሳቱ። ሊያበረታቱኝ አስበው የታረመውን የክፍሉን ደብተር በሙሉ አሸከሙኝና «ሙሉነሽ፣ አድዪ» አሉኝ። ላድል ዞርኩ፣ የሚቀበል ግን የለም። ሁሉም እጁን ወደ ታች ሰበሰበ። ደብተሮቹን ታቅፌ መሐል ወለሉ ላይ ቀረሁ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ተነሣች፣ ከድጃ። አባቷ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። መጥታ ደብተሯን ከክንዴ መዘዘችና «ስንት አገኘሁ?» አለች፤ አየችው፤ ከዐሥር አራት። «አሁንስ ባልቀበልሽ ይሻል ነበር» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ።

ወይዘሪት ጽጌ ግን አልሳቁም። ደብተሮቹን ተቀብለውኝ በክፍሉ ፊት ቆሙና «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሙሉነሽን ሳልጠይቃት ሰው ፊት አቆምኳት። ይቅርታ፣ ሙሉነሽ» አሉ። በዚያ ዘመን አስተማሪ በአርጩሜ እንጂ በይቅርታ አይታወቅም። ሲደወል ብቻዬን አስቀርተው «አንቺ ምን ብትሠሪ ደስ ይልሻል?» ብለው ጠየቁኝ። መሬት መሬት እያየሁ «መጻፍ» አልኩ። እውነትም የእጅ ጽሑፌ ያምር ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ ሥራ ተሰጠኝ። ጠዋት ጠዋት አንድ ጠመኔ ለሁለት ይሰብራሉ፣ ግማሹን ለእኔ ይሰጡኛል፣ ቀኑንና የዕለቱን ትምህርት ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ቀን ጽፌ ስጨርስ የተረፈውን ጠመኔ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። አባዬ እንደሚያደርገው ማለት ነው። እሳቸው አላነሡትም። ከትልቅ ሰው ዕቃ እንደሚቀበል ሰው ጎንበስ ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«ከእጅሽ ነው የምቀበለው» አሉኝ።

ቆምኩ። እሳቸውም እጃቸውን እንደ ዘረጉ ቆሙ። ጠመኔውን አንሥቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኩት። በየቀኑ እንዲህ ሆነ። የእኔን ጽሑፍ የማይገለብጥ ስለሌለ፣ ቀስ በቀስ ልጆቹ «ሙሉነሽ፣ ይቺ ምን ትላለች?» ይሉኝ ጀመር። ከድጃም አንድ ቀን ደብተሯን ይዛ ዴስኬ ላይ መጥታ ተቀመጠች፣ መሥራት ያቃታት የሂሳብ ጥያቄ ስለ ነበረባት። ጌታ ይመስገን፣ አንገቴ ቀና አለ።

ታዲያ ከገና በኋላ ገላዬን ስታጠብ ክንዴ ላይ ነጣ ያለ ነገር አየሁ። የሳንቲም ስፋት አለው። ወገኖቼ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ታውቃላችሁ። አለቀልኝ አልኩ። ለአባዬ ብነግረው ከእኔ ነው የያዛት ብሎ ይሞታል ብዬ ፈራሁ፣ ለማንም አልተናገርኩም። አረንጓዴ ሹራብ ነበረችኝ፣ በፀሐይም በሙቀትም አላወልቃትም አልኩ። ችግሩ ሰሌዳው ነው። ከላይ ስጽፍ እጅጌው ይንሸራተታል። ስለዚህ ዝቅ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ።

ወይዘሪት ጽጌ ጥቂት ቀን አይተው «ሙሉነሽ፣ ጽሑፍሽ በየቀኑ እየወረደ ነው። የኋላዎቹ አላየንም እያሉ ነው። ነገ ወለሉ ላይ ልትጽፊ ነው እንዴ?» አሉኝ። ፈገግ ብለው ነበር፣ እኔ ግን በማግስቱ ቀረሁ። ለአባዬ ትምህርት የለም አልኩት። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጎመኑን ስኮተኩት ቀና ብል፣ ወይዘሪት ጽጌ ጫማቸው አቧራ ለብሶ ከአጥራችን ውጭ ቆመዋል። ያን መንገድ በእግራቸው መጥተዋል።

አባዬ በርጩማ አውጥቶ አስቀመጠላቸውና ራቅ ብሎ ቆመ። «አጥፍታ ይሆን፣ ወይዘሪት?» አለ።

«ያጠፋችው የለም፣ አባባ። ጽሑፏ ናፍቆኝ ነው የመጣሁት» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «የደበቅሽው ነገር ካለ፣ ለሁለት እንያዘው» አሉኝ።

ያን ጊዜ አልቻልኩም። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። አባዬ ጠጋ አለ፣ ክንዴን ወደ ብርሃን አዞረው፣ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ መሬት ላይ የወደቀ የዶሮ ላባ አነሣና «ዓይንሽን ጨፍኚ። የት ነው የነካሁሽ?» አለኝ። አሳየሁት። ደግሞ ነካኝ፣ ደግሞ አሳየሁት። ዓይኔን ስገልጥ አባዬ ያለቅሳል፣ ይስቃል።

«ቋቁቻ ነው ልጄ። ተራ ቋቁቻ። የእኔ እንደሆነ ላባው አይሰማሽም ነበር። በዚህ ሰፈር ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ማን አለና ነው ከእኔ የደበቅሽው?»

«እንዳታዝን ብዬ ነው» አልኩ።

ሊያጽናናኝ ነው ብዬ ስላላመንኩት፣ በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ዶክተሩ በጥጥ ነካ ነካ አደረጉኝ፣ ቀጥለው በመርፌ ጫፍ ወጋ አደረጉኝ። ዘለልኩ። አጠገባቸው የቆመው ቁስል አጣቢ፣ ድሬሰሩ፣ «አመመሽ?» አለኝ። «አመመኝ» አልኩ። «እሰይ፣ ይመምሽ» አለ። ስላመመኝ ደስ ብሎኝ ያለቀስኩት ያን ቀን ብቻ ነው። የሚቀባ መድኃኒት ሰጥተው ሸኙኝ። ክብር ለጌታ ይሁን።

ግን ወደዚያች ከሰዓት በኋላ ልመልሳችሁ፣ የረሳሁት ነገር አለ። ወይዘሪት ጽጌ ሊሄዱ ሲሉ አባዬ ጎመን ቆርጦ አሰረላቸው። አምጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ከእጅዎ ነው የምቀበለው፣ አባባ» አሉ። አባዬ ጎመኑን አየ፣ እጆቹን አየ፣ እኔን አየኝ። ቆይቶ ቆይቶ አነሣው። በሁለት እጁም ሰጣቸው።

እሑድ ወይዘሪት ጽጌ ቤት ሄድኩ። አምስት ስድስት አማኞች ተሰብስበው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ። ወይዘሪት ጽጌ ጌታ በቃል ብቻ መፈወስ ሲችል፣ ማንም የማይነካውን ለምጻም እጁን ዘርግቶ እንደ ነካው ተናገሩ። ልቤ ቀለጠ። «እኔ አባቴን ክጃለሁ» ብዬ ያችን የሰኔ ቀን ተናዘዝኩ። «የካደ ሰው ለጌታ አዲስ አይደለም። እንደዚያ ያለውን መልሶ መቀበል ያውቅበታል» አሉኝ። ተንበርክኬ ሕይወቴን ለኢየሱስ ሰጠሁ። ሃሌ ሉያ።

ሰኔ ደረሰ፣ የወላጆች ቀን ሆነ። ወንበር ላይ ቆሜ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለውን ሰሌዳው አናት ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ወደ በሩ ወጣሁ። አባዬ ጋቢውን አጣፍቶ ከሰው ርቆ ቆሟል። ሄጄ እጁን ያዝኩት። «ተይ ልጄ፣ ያዩሻል» አለኝ ቀስ ብሎ። «ይዩኝ» አልኩት። ያን ቀን «ማን ነው?» ብለው የጠየቁኝ ልጆች እዚያው ነበሩ። «አባቴ ነው» አልኳቸው። የጠየቀኝ አልነበረም፣ እኔ ነኝ የነገርኳቸው። አባዬ እጄን አጥብቆ ያዘኝ።

አባዬ በጌታ አርፏል። እኔም አስተማሪ ሆኜ ብቻውን ለተቀመጠ ልጅ ሁሉ ጠመኔ ስሰጥ ኖርኩ። ከድጃ ዛሬ እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። እምነታችን ለየቅል ነው፣ ስለ አስተማሪያችን ልመሰክር ነው ስላት ግን «ካላረምኩሽ ታበዢያለሽ» ብላ መጣች።

ወይዘሪት ጽጌ ሊያርፉ ጥቂት ሲቀራቸው ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። «ሙሉ፣ ይቅርታ የምጠይቅሽ ነገር አለ» አሉኝ። «ያን የመጀመሪያውን ቀን ጠመኔውን ከእጅሽ ስቀበል ፈርቼ ነበር። ቤቴ ገብቼ እጄን በሳሙና እስኪላጥ ፈተግሁት። ከዚያ አፈርኩና፣ ጌታ ሆይ ነገም እቀበላታለሁ፣ ፍርሃቱን አንተ ያዝልኝ አልኩ።»

«እስከ መቼ ፈሩ?» አልኳቸው።

«እስከ ገና» አሉ።

ወገኖቼ፣ ከመስከረም እስከ ገና ቁጠሩት። እኔ አንገቴን ቀና ያደረግሁባቸው እነዚያ ቀናት ሁሉ፣ እሳቸው እየፈሩ ሁለት እጃቸውን የዘረጉባቸው ቀናት ናቸው። እኔ የማይፈሩ ይመስሉኝ ነበር። ስለዚህ እጅጌህን ወደ ታች ጎትተህ የተቀመጥክ ወንድሜ፣ እጅሽን የደበቅሽ እህቴ፣ ፍርሃትሽ እስኪለቅሽ አትጠብቂ። እየፈራሽም ነይ። ጌታ ያለሽን መሬት ላይ አስቀምጠሽ እንድትርቂ አይፈልግም፣ ከእጅሽ ነው የሚቀበለው።