ማሞቂያው የሚቆለፍበት ቤት

የሰፈሩ ሰው «አነፍናፊው» ነበር የሚለው። ሃያ ሁለት ዓመት የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ሲጠግን የኖረ፣ ሰው ቤት ሲገባ ከሰላምታው አፍንጫው የሚቀድም ሰው ነው። ሲቀልዱበት፣ «የጋዙስ ይሸታል፤ የምፈራው የማይሸተውን ጭስ ነው» ይላል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጡረታ የወጡ መምህርት አስጠሩት። ባለቤታቸው ከሞቱ ዓመት አልሞላም። ማሞቂያቸው በተለኮሰ በአሥር ደቂቃው ቀይ መብራት እያብለጨለጨ ይቆለፋል፤ እሳቱም ይጠፋል።

«የባለፈው ሠራተኛ ሽቦ አገናኝቶልኝ ከርሞ ነበር። ትናንት ተላቀቀ መሰለኝ፤ እሱኑ እሰርልኝ፣ ልጄ።»

ክዳኑን ሲከፍት ክው አለ። ጭስ ወደ ቤት ሲመለስ ማሞቂያውን የሚያጠፋውን ሴንሰር አዘልለው ያገናኙት ሽቦ ተንጠልጥሏል።

«እናቴ፣ ራስዎን ያምዎታል?»

«ሁልጊዜ። እሱስ ይሁን፤ የባለቤቴ ኮቴ ነው የቸገረኝ። ገላዬን ስታጠብ ኮሪደሩ ላይ ይመላለሳል።» ቀጥለውም፣ «አላበድኩም» አሉ።

አነፍንፎ ጋዝ እንደማይፈስ አረጋገጠና ማሞቂያውን ለኮሰው። ጥቂት ቆይቶ ክብሪት ጭሮ ወደ ጭስ ማውጫው አፍ አስጠጋ። ነበልባሉ ሽቅብ በመሳብ ፈንታ ወደ ፊቱ ጎንበስ አለ፤ የሆነ ሰው ከውስጥ እፍ ያለበት ይመስል ነበር።

ያን ጊዜ ከኮሪደሩ ኮቴ ሰማ። ዘገም ያለ፣ አንድ እግሩን የሚጎትት ሰው ኮቴ። ዞር ቢል ማንም የለም። መምህርቷ እንደሆኑ አጠገቡ ቆመዋል።

ጋዙን ዘጋ፣ መስኮቱን በረገደ፣ እጃቸውን ይዞ ደጅ አወጣቸው። የሰማውን አልነገራቸውም። እሳቸው ግን ደረጃው ላይ ቁጭ እንዳሉ፣ «ግራ እግሩን ይጎትት ነበር፤ በዚያ ነው የማውቀው» አሉት። ጠጉሩ ቆመ።

ጣሪያ ላይ ሲወጣ ቱቦው በወፍ ጎጆ ተወትፎ አገኘው። ጭራሮውን፣ ላባውን፣ ሁለት የደረቁ ጫጩቶችን እየጎተተ አወጣ። ሽቦውን ቆርጦ ጣለና ሴንሰሩን ወደ ቦታው መለሰ። ግማሽ ሰዓት ቢያነደው አልተቆለፈም።

«የተመለሰ ጭስ ሰው ይገድላል፤ ከመግደሉ በፊት ደግሞ የሌለ ያሰማል» አላቸውና ሐኪም ቤት አደረሳቸው። ይህን ሲል ራሱንም እያሳመነ ነበር።

በሳምንቱ ሊያይ ተመለሰ። ማሞቂያው ደህና ነው፤ የመምህርቷም ራስ ምታት ለቋል።

«ኮቴውስ?» አለ ፈራ ተባ እያለ።

«ጠፋ።» መሬት መሬቱን አዩ። «ሁለተኛ ሞተብኝ።»

ለከሰዓት የያዘውን ሥራ ለነገ አዛውሮ ወንበር ሳበና፣ ስለ ሰውዬው ሲያወሩለት ቁጭ ብሎ ሰማ።