እጅ ሲያይ የሚቆም ፈረስ

ባጃጅ ቆቦ ከተማን ከወረሰ ወዲህ ጋሪ የሚሳፈር ሰው ጠፋ። ጎረቤቴ ባለጋሪው ግን ፈረሱን አልሸጥም አለ። ቢሸጠውስ ማን ይገዛዋል? እኔ ደላላው ቀዳዳ ጀሪካን ሳይቀር ሸጬ አውቃለሁ፤ ለዚያ ፈረስ ግን ገዢ አላገኝለትም።

አንድ ቀን፣ ተራራው ሥር በውሃ የሚሠራ መብራት ሊተከል ነው፣ ቦይ እየተቆፈረ ነው ተባለ። ስካቫተር የሚሉት መቆፈሪያ መኪና ቁልቁለቱን መውረድ ስላቃተው አፈር የሚጎትት ፈረስ ይፈለጋል። ውሃ እንዴት መብራት እንደሚሆን እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ እኛ ሰፈር ዝናብ ሲመጣ መብራት ይጠፋል። ቢሆንም ባለጋሪውን ከነፈረሱ ይዤ ሄድኩ። የሠራተኞቹ ካቦ፣ "ዛሬ እንየው፤ ካልሆነ ነገ እንዳትለፉ" አለን።

ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ግማሹን በሰንሰለት አሰሩለት። አፈር ሞልተውለት ሲጎትት አንጀት ያርሳል። ካቦው ደስ ብሎት እጁን ከፍ አድርጎ "አምጣው! አምጣው!" አለ። ፈረሱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ባለጋሪው "ሂድ!" ይላል፣ ካቦው እጁን ያወዛውዛል፣ ፈረሱ ንቅንቅ የለም።

"ታሟል እንዴ?"

"ወላሂ ደህና ነው! ቁርሱንም በልቷል።"

አንዱ ቆፋሪ፣ "ካቦውን ፈርቶ ነው" ሲል፣ ሌላው "እኛስ መች ደፈርነው" አለ።

እኔም ግራ ገባኝ። ሰንሰለቱን አየሁ፣ ኮቴውን አየሁ፤ ምንም የለም። ካቦው ተስፋ ቆርጦ እጁን ሲያወርድ ፈረሱ ራሱ መንገዱን ቀጠለ። ላቤን ልጠርግ እጄን ሳነሳ ደግሞ እኔ ፊት ቆመ። ያን ጊዜ ገባኝ። ለካስ ተሳፋሪ መስለነዋል!

"አያ፣ አለቀልን" አለኝ ባለጋሪው በሹክሹክታ።

"ዝም በል" አልኩትና ወደ ካቦው ዞርኩ። "ወንድሜ፣ ይሄ የሠለጠነ ፈረስ ነው። በእጅ ምልክት ነው የሚሠራው። የሚሞሉትም የሚደፉትም ሲፈልጉት እጅ ያንሱ፣ ይቆምላቸዋል። አንተ ግን እጅህን ኪስህ ክተት።"

"ካቦ እጁን ኪሱ ከትቶ ምኑን ካቦ ሆነው?" አለ ቅድም "ፈርቶ ነው" ያለው ቆፋሪ።

ሞከሩት፤ ሠራ። ካቦው እጁን ኪሱ እንደከተተ "ነገ በጊዜ ኑ" አለን።

ስንመለስ ባለጋሪው፣ "አያ፣ ዋሸነው እንዴ?" አለኝ።

ውሸቱ የቱ ጋ እንደሆነ ብፈልግ አጣሁት። አልሠለጠነም እንዳልል፣ ሠልጥኗል። ሠልጥኗል እንዳልል፣ እኔም ያወቅሁት ገና ዛሬ ነው። ቀና ስል ባለጋሪው መልሴን ሳይጠብቅ ፈረሱን እያሻሸ ርቆኝ ሄዷል።