ውሻው የተከሰሰበት ኮሶ

አዳማ በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ብዙ ሰው አለ፤ እኔ ደፍሬ የማወራው ግን ከአከራዬ ውሻ ጋር ነው። ልብስ ሳጥብ አጠገቤ ተጋድሞ የዋልኩበትን ሁሉ ይሰማኛል። ሰው ብቅ ሲል ዝም እላለሁ።

አከራዬ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ጥሬ ሥጋ ነፍሳቸው ነው። በዓል ሲደርስ ግቢው አዋጥቶ በሬ ይጥላል፤ ቅርጫው ሳይደለደል እሳቸው ቢላዋና አዋዜ ይዘው በርጩማቸው ላይ ተሰይመዋል። ሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር ከተገኘ ደግሞ "ይሄ የውሻው ድርሻ ነው" ተብሎ ይወረወርለታል።

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት እትዬ ፊታቸው ተለዋውጦ ከሽንት ቤት ወጡ።

"ኮሶ ታየኝ!" አሉ፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ። "ከዚህ ውሻ ነው! የልጅ ልጄን ፊት ሲልስ ይውላል። ከዚህ ግቢ ይውጣልኝ!"

አይሱዙ የሚነዳው ጎረቤታችን ወዲያው መላ አመጣ። "ቅዳሜ ቲማቲም ልጭን ባቱ እወርዳለሁ። ሐይቁ ዳር እጥለዋለሁ፣ ዓሣ እየበላ ይወፍር!"

ሁሉም ሳቀ። ውሻውም ጭራውን ቆላ።

በማግስቱ እንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ። ዶሮ ካቀፈች ሴትና ፍየል ከያዘ ሰው መሃል ተቀምጬ፣ ተራዬ ሲደርስ ሌላ ሰው አሳልፋለሁ።

"አንቺስ ምን ይዘሽ ነው?" አለኝ ሐኪሙ በመጨረሻ።

"ምንም።"

"ምንምን እንዴት አድርጌ ላክም?"

ባለፍየሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት።

"ይሄ የኮሶ ትል ካልበሰለ የበሬ ሥጋ ነው የሚመጣው" አለኝ ሐኪሙ። "ውሻው የለበትም። እትዬሽ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።" ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል ጣቱን አነሳ። "ቆይ! ንጹሕ ነው አላልኩም። ውኃ በቋጠረው ሳንባ ውስጥ ሌላ ትል አለ። ውሻ ጥሬውን ሲበላ ሆዱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ጸጉሩ ላይም ይቀራል። ልጅቷ ዳብሳው ሳትታጠብ ከበላች፣ ያው የውኃ ቋጠሮ እሷ ጉበት ላይ ሊያድግ ይችላል። ለዓመታት ሳይታወቅ ይቆያል።" የውሻውን የትል ክኒን ሰጠኝ፤ በየጊዜው መደገም እንዳለበትም ነገረኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሾፌሩ ውሻውን በገመድ አስሮ ወደ መኪናው ሲጎትት ደረስኩ።

"እትዬ፣ የእርስዎ ኮሶ ከጥሬ ሥጋው ነው!"

ሾፌሩ መጎተቱን ትቶ ዞረ።

"ውይ! ይቺ ልጅ ድምፅ አላት እንዴ?" አለ ሾፌሩ።

"ማነው ያለው?" አሉ እትዬ።

"ሐኪም።"

"የምን ሐኪም?"

መሬት መሬት እያየሁ፣ "የእንስሳት" አልኩ።

"በይ እንግዲህ! እኔን ለከብት ሐኪም አሳየሽኝ!"

ሳቁ እስኪበርድ ጠብቄ የሳንባውን ነገር ነገርኳቸው። የልጅ ልጃቸው ጉበት ጋ ስደርስ እትዬ መሳቅ አቆሙ። ልጅቷን እጇን ይዘው ወደ ቧንቧው እየወሰዱ፣ "ሳሙና አምጡልኝ!" አሉ። ከዚያ ዞር ብለው ሾፌሩን፣ "አንተ ምን ቆመሃል? ፍታው እንጂ!" አሉት።

ክኒኑን በዳቦ ጠቅልዬ ለውሻው ሰጠሁት፤ ሳያኝክ ዋጠው። እትዬም ጤና ጣቢያ ሄደው የራሳቸውን ዋጡ፤ እሳቸው ግን ብዙ ተማረሩ።

በመስቀል ቅርጫ ከበሬው ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ተገኘ። ጉድጓድ አርቆ ቆፍሮ የቀበረው ያው ሾፌር ነው። ሲመለስ ከጥሬው ቆርጦ ለእትዬ ዘረጋላቸው።

"አንዲት ጉርሻ! ማን ያያል?"

እትዬ ሥጋውን አዩ፣ ምራቃቸውን ዋጡ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ውሻው እግሬ ሥር የተቀቀለ አጥንት ይቆረጥማል።

"ውሰድልኝ" አሉት። "ይቺ ዝምተኛ እያየችኝ ነው። ጥብስ አምጡልኝ፣ በደንብ የበሰለ!"