ለኤዶ ያነበብኩላቸው ደብዳቤዎች

ጅግጅጋ የተመደብኩት በ2011 መጀመሪያ ላይ፣ ከተማው ከ2010 ክረምት ረብሻ ገና ሳያገግም ነው። የአማርኛ መምህርት ነኝ። ደሴ ያለችው እናቴ «ሌላ ቦታ ጠይቂ» ብላ ለመነችኝ። ጠይቄም ነበር፤ አልተሳካልኝም።

አንድ ክፍል ያከራዩኝ ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው ሐረር ተወልደው ያደጉ የዕፅዋት ተመራማሪ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ዓመታት ቢያልፉም ጠዋት ጠዋት በእግራቸው ከከተማ ወጥተው፣ ቅጠልና ሥር በፌስታል ይዘው ይመለሱ ነበር። ሚስትየው ከጅግጅጋ ብዙም የማይርቀው የቱሊ ጉሌድ ገጠር ሰው ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ኤዶ» ይላቸዋል፤ በሶማሊኛ አክስት እንደማለት ነው። እኔም እንደ ሰፈሩ ኤዶ ማለት ለመድኩ።

ሲጣሉ ሰምቻቸው አላውቅም። ስለ ውሃው፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ቅጠሎቹ ያወራሉ። ከዚያ አልፎ ግን አንዱ ሌላውን አይጠይቅም። ሰውዬው አምሽተው ቢገቡ ኤዶ የት ነበርክ አይሉም፤ ኤዶ ፊታቸው ቢጠቁር ሰውዬው ምን ሆንሽ አይሉም። እርጅና መስሎኝ ነበር።

ሰውዬው በ2012 ክረምት ታመው ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ኤዶ አራት ወር ከአሥር ቀኑን የሐዘን ጊዜ ከቤት ሳይወጡ ጨረሱ። ሲጨርሱ ከዩኒቨርሲቲ ሁለት ሰዎች መጡና የሟቹን ማስታወሻዎችና የዕፅዋት ፎቶግራፎች ቢሰጧቸው ለተማሪ እንደሚጠቅም በትሕትና ነገሯቸው። ኤዶ እሺ አሉ፤ ግን መጀመሪያ ይለይ አሉ። ወረቀቱ ሁሉ አንድ የዱቄት ጆንያ ውስጥ ነበር። በረብሻው ጊዜ ጎረቤት ቤት ሲሸሹ ያገኙትን ጠቅጥቀው ይዘውት ሄደው ነበር። ከተመለሱ በኋላም ማንም አልፈታውም።

«ልጄ፣ እኔ ቁርአን እንጂ የእናንተን ፊደል አላነብም» አሉኝ። «የሥራውን ለሥራው፣ የኔን ለኔ ለይልኝ።»

ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ምንጣፍ ላይ ዘርግፈነው እንለያለን። ፎቶግራፎቹ ውስጥ ከብዙዎቹ ዕፅዋት አጠገብ አንዲት ቀጭን ወጣት ቀጥ ብላ ቆማለች። ኤዶ ናቸው።

«ቁመቱ እንዲታወቅ እያለ ያቆመኛል» አሉና ሳቁ። «አንዳንዱ እሾህ ይወጋኝ ነበር።»

ከፎቶግራፎቹ መሃል ደብዳቤዎቹ ወጡ። ሰውዬው በደርግ ጊዜ፣ ተጋብተው ብዙም ሳይቆዩ፣ ለባሌ ተራሮች ጫካ ጥናት ጎባ ተልከው ነበር። ኤዶ ሴት ልጅ ወልደው ከእናታቸው ጋር ቱሊ ጉሌድ ቀሩ። ባልየው ሶማሊኛ ይናገራሉ እንጂ አይጽፉም፤ የሚጽፉት በአማርኛ ነው። ደብዳቤ ሲመጣ ለኤዶ የሚያነብላቸው፣ መልሱንም የሚጽፍላቸው፣ ያኔ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበረው የኤዶ ወንድም ነው። ወንድምየው አሁን እዚሁ ጅግጅጋ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ሰው የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። በየዓርቡ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ለእህታቸው የግመል ወተት ይዘው ይመጣሉ።

«ሁሉንም አንብቢልኝ» አሉኝ ኤዶ።

አነበብኩ። ብዙውን በቃላቸው ያውቁታል፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ እሳቸው ይጨርሱታል። በሁለተኛው ቀን ዝገት በበላው ስፒል ፎቶግራፍ የተያያዘበት አንድ ደብዳቤ ላይ ደረስኩ።

«ቤት አግኝቻለሁ» ይላል። «ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ ለእናትሽ ይሆናል። ልጅቷን ይዘሽ ነይ። ሐኪም ቤቱ እዚሁ ከጀርባችን ነው። እሺ በይኝና መጥቼ እወስዳችኋለሁ።»

ወረቀቱን ልገለብጥ ስል ኤዶ እጄን ያዙኝ።

«ምን አልሽ?»

ደግሜ አነበብኩ።

«እንደሱ አላለም» አሉ። «አትምጡ፣ ብርዱ ለልጅ አይሆንም፣ የምናርፍበት ቤትም የለም ነው ያለው። ስንት ጊዜ አስነብቤዋለሁ።»

ማንበብ እንደማይችሉ እያወቅኩ ወረቀቱን አዞርኩላቸው፤ መስመሩን በጣቴ አሳየሁ። ከዚያ ፎቶግራፉን ነቀልኩ። ትልቅ የኮሶ ዛፍ ነው። በዛፉ ጎን የግድግዳ ጥግና በግማሽ የተከፈተ በር ይታያል። ከጀርባው «ቤታችን ይህ ነው፤ ኩሽናው ከዛፉ ሥር ነው» ተብሎ ተጽፏል።

ኤዶ ፎቶውን ተቀብለው ብዙ አዩት። «ወንድሜ የዛፍ ፎቶ ልኮልሻል ነው ያለኝ» አሉ። «እሱ ሁልጊዜ ዛፍ ስለሚያነሳ እኔም ዛፍ ነው ብዬ አስቀመጥኩት።»

ቆይተው፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ ልጅቷ የሞተችው በዚያው ዓመት ክረምት እንደሆነ ነገሩኝ። ኩፍኝ ነበር። ከቱሊ ጉሌድ ወጥተው ሐኪም ጋ ሳያደርሷት መንገድ ላይ ዐረፈች። አባትየው የደረሱት ከተቀበረች በኋላ ነው።

«መጥቶ አለቀሰ። ለምን አልወሰድከንም ብዬ አልጠየቅኩትም። ያልፈለገኝን ሰው ለምን አልፈለግከኝም ብዬ ልጠይቅ?»

ደብዳቤውን አጥፌ ምንጣፉ ላይ አኖርኩት።

«እኔ ያኔ መልስ አስጽፌለት ነበር» አሉ። «ብርዱን እንችለዋለን፣ ውሰደን ብዬ። አስቀምጦት እንደሆነ ፈልጊልኝ።»

የቀሩትን ወረቀቶች ክፍሌ ወስጄ ፈለግኩ። ሰውዬው የሚስታቸውን ደብዳቤዎች አንድም ሳይጥሉ አስቀምጠዋል። ያንንም አገኘሁት። በጥሩ የጸሐፊ እጅ የተጻፈ ነው። «አልመጣም። እናቴን ትቼ የትም አልሄድም። ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ» ይላል። ከሥሩ የኤዶ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ያላሉትን ቃል ሳያውቁ ፈርመውበታል።

ሰውዬው ይህን አንብበው ነው ዕድሜያቸውን ሙሉ ዝም ያሉት።

በማግስቱ ጠዋት ኤዶ ገና በሩን ሳልገባ «አገኘሽው?» አሉኝ።

«የለም ኤዶ» አልኩ። «ፈለግኩ፤ ሌላው ሁሉ አለ፣ እሱ የለም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያ ቀዶ ጥሎታል። ሌላውን ሁሉ አስቀምጦ ያንን ጣለው።»

እኔ ያተረፍኳቸው መስሎኝ ነበር። በዚያ ቀን ክፍል ገብቼ ያስተማርኩትን አላስታውስም። ተማሪዎቹ ጥያቄ ይጠይቁኛል፣ እኔ ስለ ደብዳቤው አስባለሁ። ሟቹ ባል ባላጠፉት ጥፋት ሁለተኛ ተፈርዶባቸዋል፤ ያስፈረድኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ማዘኔ ነው ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ፤ ግን ወንድምየውስ ያኔ ለራሳቸው ያሉት ከዚህ የተለየ ነበር?

ከሰዓት በኋላ እንደተመለስኩ ደብዳቤውን ይዤ ገባሁ።

«ኤዶ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ደብዳቤው አለ።»

ቁጭ አድርገውኝ አነበብኩላቸው። «ድገሚው» አሉ። ደገምኩት። አሻራቸውን ሳሳያቸው አውራ ጣታቸውን ወደ ዓይናቸው አቅርበው አዩና መልሰው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። አላለቀሱም።

«አንቺስ ለምን ዋሸሽኝ?»

«አዝኜልዎት ነው።»

«ወንድሜም አዝኖልኝ ይሆናል» አሉ።

ዓርብ ወንድምየው እንደ ልማዳቸው ወተቱን ይዘው መጡ። ልወጣ ስነሳ ኤዶ በእጃቸው ምልክት ቁጭ በይ አሉኝ። የሚያወሩት በሶማሊኛ ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ጆሮዬ ስለለመደ አብዛኛውን ተከታትያለሁ።

ኤዶ የባላቸውን ደብዳቤ ሰጧቸው። «ይህን አንብብልኝ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉ። የመጀመሪያውን መስመር እንዳዩ ቀና ብለው እኔን ተመለከቱኝ። ዓይኔን ሰበርኩ።

«መምህርቷ አንብባልኛለች» አሉ ኤዶ። «ካንተ አፍ ልስማው ብዬ ነው።»

ቀስ ብለው፣ አንድም ቃል ሳያስቀሩ አነበቡት። ሐኪም ቤቱ የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ያንኑ መስመር ከመጀመሪያው ደገሙት። ሲጨርሱ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጠፉት።

«እናታችን አልጋ ላይ ነበረች» አሉ። «ብትሄጂ ማን ያያት ነበር?»

«እሷንም አምጪያት ብሎኝ ነበር።»

«መንገዱን አትችለውም ነበር አባዮ፣ እህቴ። አንድ ዓመት ብትቆዪ ብዬ ነው፤ እናታችን እስኪሻላት። ልጅቷ ትሞታለች ብዬ በምን ዐውቄ? ከሞተች በኋላ ደግሞ እንዴት ልንገርሽ?»

«ከሠላሳ ዓመት በላይ ጊዜ ነበረህ» አሉ ኤዶ። «እዚህ እየመጣህ ከሱ ጋር በአንድ ሳህን በላህ። ባሌ አልመጣም ያልኩት መስሎት ሞተ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። እንደዚያ ያሉ ሰው ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ከዚያ ክፍል ብጠፋ ደስ ባለኝ።

«አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አሉ።

«እኔ አውፍ ብልህ፣ የባሌንስ ማን ይልሃል?»

ሽማግሌው ተነስተው ጫማቸውን አጠለቁ። እስከ መንገዱ ሸኘኋቸው። ሲለዩኝ ዞር ብለው፣ በአማርኛ፣ «እናትሽ ብትሆን አንቺስ ምን ታደርጊ ነበር?» አሉኝ። ደሴ ያለችው እናቴ ትዝ አለችኝ፤ የምመልሰውን አላውቀውም ነበር፤ ዛሬም አላውቀውም።

በሚቀጥለው ዓርብም መጡ። ኤዶ ወተቱን በር ላይ ተቀብለው መለሷቸው። እንዲህ ሆኖ እስከ ረመዳን ቆየ። በረመዳን አንድ ቀን ለማፍጠሪያ አስገቧቸው። በልተው፣ ሰግደው፣ ብዙም ሳያወሩ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ይገባሉ። ግን ኤዶ ወረቀት የሚባል ነገር በእጃቸው አይሰጧቸውም፤ የመድኃኒት ማዘዣ እንኳን።

የዕፅዋቱን ፎቶግራፎች ዩኒቨርሲቲው ወሰደ፤ ኤዶ ቆመው የሚታዩባቸውንም ጭምር። ደብዳቤዎቹን ግን ኤዶ አልሰጡም። የባላቸውንና የራሳቸውን ለየብቻ በጨርቅ ጠቅልለው ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጧቸው። አንዳንድ ከሰዓት በኋላ የጎባውን ደብዳቤ አንብቢልኝ ይሉኛል። አነባለሁ። ሐኪም ቤቱ የሚለው ላይ ስደርስ በቃ ይሉኛል፤ አንድ ቀን ግን አላስቆሙኝም፤ እስከ መጨረሻው ሰሙትና፣ «እኔ እኮ እሱን ክፉ ሰው አድርጌ ነው አብሬው ያረጀሁት» አሉ።

ዝውውር ሁለት ጊዜ መጥቶልኝ ሁለቱንም ጊዜ ተውኩት። እናቴ ተቆጥታኛለች። አሁንም በዚያው ግቢ ነኝ። ከቀበሌ ወይም ከባንክ ወረቀት ሲመጣ ኤዶ መጀመሪያ እኔን ያስነብባሉ። ከዚያ ወረቀቱን ይዘው ጥግ ወዳለው ፋርማሲ ይሄዱና የምትሸጠውን ልጅ ያስነብባሉ። የሁለታችንን ያመሳክራሉ። ይህን ከኔ አይደብቁም።

መጀመሪያ ላይ ይከፋኝ ነበር። አንድ ቀን «ኤዶ፣ አሁንም አያምኑኝም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አምንሻለሁ» አሉ ነጠላ ጫማቸውን እያደረጉ። «ወንድሜንም አምነው ነበር።»

ወረቀቱን አጥፈው ይዘው ወጡ። እኔም ሻይ ጥጄ እስኪመለሱ ጠበቅኩ።